የሱልጣኑ ካባና የድመት ሳር

ውድ ወንድሜ ዲንሳ፣

ደብዳቤ ከጻፍኩልህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። የመጨረሻውን የላክሁልህ ከናይሮቢ ነው፤ አራት መስመር ነበር፤ ምን እንደሚል ሁለታችንም ስለምናውቅ አልደግመውም። ይኼኛው ግን ይረዝማል፣ ታገሠኝ። ቤት ውስጥ በኦሮምኛ እየተነጫነጭን አድገን ደብዳቤ ሲሆን ለምን በአማርኛ እንደምንጻጻፍ አንድ ቀን ብጠይቅህ «ትምህርት ቤት የተገረፍነው በአማርኛ ስለሆነ ነዋ» ብለኸኝ ነበር። እንግዲህ በተገረፍንበት ቋንቋ ልጻፍልህ።

የት እንደምሠራ ሽማግሌው ኦቦ ሆርዶፋ ነግረውሃል አሉ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ኦፔራ የሚያሳይ አንድ ድርጅት አለ፤ እኔ እዚያ ልብስ ሰፊ ነኝ። «ለሚጮኹ ነጮች ቀሚስ ትሰፋለች?» ብለህ ሆድህን ይዘህ ሳቅክ አሉኝ። አልፈርድብህም፣ እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እንደዚያው ነው። ሰውዬው በጩቤ ተወግቶ ወድቆ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይዘፍናል። በኋላ ግን ለመድኩት። መርፌዬን ይዤ ከመድረኩ ጀርባ ስቆም ቋንቋው ባይገባኝም የሚለምነውንና የሚቆጣውን ከድምፁ እለይ ጀመር። ይህን የማወራህ ነገራችን ሁሉ እዚያ ኦፔራ ውስጥ ገብቶ ስለቀረ ነው።

ዘንድሮ ጥር ላይ አዲስ ሥራ ጀመርን። አዲስ አልኩ እንጂ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። የጻፈው ሃያዎቹን ገና የጀመረ ኦስትሪያዊ ነበር፤ ሳይጨርሰው ተወው፣ ስም እንኳ አላወጣለትም። ታሪኩ አጭር ነው። በአንድ ሱልጣን ግቢ ውስጥ የተያዙ ሁለት ምርኮኞች፣ ወንድና ሴት፣ ይዋደዳሉ። የሱልጣኑ ታማኝ አገልጋይ አዝኖላቸው ያስመልጣቸዋል። ይያዛሉ። ሱልጣኑ ሊፈርድባቸው ሲል አራቱም በአንድ ላይ ይዘፍናሉ፤ ሦስቱ ይለምናሉ፣ እሱ እምቢ ይላል። ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም።

ዳይሬክተሯ የመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም ሰብስባ፣ እኛን ሰፊዎቹንም ሳይቀር፣ ነገሩን አስረዳችን። ያ ዘመን የአብርሆት ዘመን ይባላል አለች። ጌታም ባሪያም ሲፈጠሩ እኩል ናቸው፣ ሰው ቆም ብሎ ካሰበ ክፋቱን ይተዋል፣ የገዢ ትልቅነት የሚለካው በሰይፉ ሳይሆን በምሕረቱ ነው የሚሉ ሰዎች የተነሱበት ዘመን። ወጣቱ አቀናባሪም ያንን ያምን ስለነበር ቢጨርሰው ኖሮ ሱልጣኑ ይቅር ማለቱ አይቀርም ነበር አለች። ከዚያ እየሳቀች አንድ ነገር ጨመረች። ታሪኩ በተወሰደበት አሮጌ ቴአትር ላይ እነዚያ ፍቅረኛሞች መጨረሻ ላይ እህትና ወንድም ሆነው ተገኙ። ሰው ሁሉ «ውይ» አለ። እኔ አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ስለነበር ስስቅ ልውጠው ምንም አልቀረኝም። ፍቅረኛን እህት ማድረግ ለእነሱ ተአምር ነው። በእኛ ሰፈር በአንድ ፎርም ያልቃል።

አልዘልለውም ዲንሳ። ይቅርታ የምንነጋገር ከሆነ በደሉ ስሙ መጠራት አለበት።

ናይሮቢ ሁለታችንም አሜሪካ ለመግባት አንድ ላይ ኢንተርቪው ገባን። ዲንሳ ገላን፣ እህቱ ዘነቡ ገላን። ተቀበሉን፤ ያን ቀን ሰፈራችን ኢስሊ ድረስ በእግራችን እየሳቅን ተመለስን። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ማታ መጥተህ «ኤክስሬይሽ ላይ ነጥብ አግኝተዋል፣ ሳንባሽን ታክመሽ በሦስት ወር ትከተይኛለሽ» አልከኝ። አመንኩህ። ለምን አላምንህም? ሦስት ወር ሙሉ ለሌለብኝ በሽታ ነጭ ሽንኩርት በልቻለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች እንዳይያዙብኝ በር አጠገብ ለብቻዬ ተኝቻለሁ። ሳል ሲመጣብኝ አፌን በትራስ አፍኛለሁ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ የስደተኞች ቢሮ ሄጄ ለጸሐፊው ስሜን ነገርኩት። ጸሐፊው መዝገቡን አገላበጠና «ዘነቡ ገላን ሚኒሶታ ገብታለች» አለኝ። ፊቱ ቆሜ ነው የሚነግረኝ። «እኔ ነኝ እኮ» አልኩት። «ታዲያ ገብተሻላ» አለኝና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ፎቶዬን አንስተህ የእጮኛህን የሲፋንን ለጥፈህ ነበር። እጮኛ በፎርሙ ላይ ቦታ የላትም፣ እህት ግን አላት። ከዚያ በኋላ ዘነቡ ገላን ብዬ ብመዘገብ ሁለት ዘነቡ ስለምንሆን አንተም እሷም እኔም እንጠፋለን። ተስፋ ቆርጣ ወደ አገር ቤት የተመለሰች አንዲት ልጅ ፋይሏን ተወችልኝ፤ ባየሽ እሸቴ ትባላለች። ባየሽ ወንድም የላትም። አምስት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ይህንን ነው። ወንድም አለሽ? የለኝም። ሌላ ስም ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ? አላውቅም። አባታችን ገላን ቀርቶ የማላውቀው እሸቴ አባቴ ሆነ። በፈረንጆቹ በሁለት ሺህ ዓመት ሲቀበሉኝ ከዚያ ሁሉ ከተማ ያመጡኝ አንተ ያለህበት መሆኑን ስሰማ ሳቅም ለቅሶም አልመጣልኝም።

ስድስት ዓመት አንተ ክሪስታል እኔ ሜፕልዉድ ኖርን። በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሲፋን ስሜን እንደያዘች ወደ ሲያትል እንደሄደች፣ አንተ ሻኮፒ መጋዘን ውስጥ እንደምትሠራ፣ ጠጉርህ እንደሸበተ ሳልጠይቅ ይነግሩኛል። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ከበሩ አጠገብ ቆመህ አየሁህ። ሳህንህን ይዘህ ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጣህ። ጀርባዬን ሰጠሁህ። ስዞር የለህም፣ ሳህኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ምግቡን አልነካኸውም።

ጎረቤታችን ሞሲሳ በአባባ ላይ በሐሰት የመሰከረበትን ጊዜ ታስታውሳለህ። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ሊለምኑለት እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ደጃችን ሲቆሙ አንተ አሥራ ሁለት፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባባ መጀመሪያ ቀን እምቢ አለ። ሁለተኛም እምቢ አለ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳሩን ተቀብሎ ሞሲሳን ከወደቀበት አነሳው፣ ከዚያ ሁለቱም እንደ ሕፃን አለቀሱ። አንተ በኋላ «አባባ፣ ይቅር ልትለው ከሆነ ለምን አመላለስካቸው?» ብለህ ጠየቅኸው። «በመጀመሪያው ቀን ይቅር ብለው በደሉ ቀላል ነበር ማለት ነው፤ እሱንም መናቅ ይሆንብኛል» አለህ። ይህንን ከእኔ የበለጠ የምታስታውሰው አንተ መሆንህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በጥር መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ሆርዶፋና ኦቦ ለሜሳ በሬን አንኳኩ። ከባርኔጣቸው ላይ በረዶ ይንጠባጠባል።

«ኦፍ ቀንሽ መሆኑን አጣርተን ነው የመጣነው» አሉ ኦቦ ለሜሳ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ላፍላ» አልኩ።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። «የመጣንበትን ሳትሰሚን ውሃሽንም አንቀምስም።»

ከዚያ ከካፖርታቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ማሰሮ አወጡ። ለምለም ሳር በቅሎባታል። ጎኗ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ድመት ሳሩን ስትግጥ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ወንድምሽ ሳር ይዞ እግርሽ ሥር ወድቋል በይ።»

«የድመት ምግብ እኮ ነው፣ ኦቦ ሆርዶፋ።»

«በጃንዋሪ ሚኒሶታ ላይ እርጥብ ሳር ከየት ይምጣ?» አሉ ኦቦ ለሜሳ ቅር ብሏቸው። «ሦስት ስቶር ድራይቭ አድርገን ነው ያገኘነው። ፔት ስቶር ውስጥ ይሄ ብቻ ነው ያለው። እሱ ራሱ ነው የመረጠው፣ ድመቷንም ለመላጥ ሞክሮ ሙጫው እምቢ አለው።»

እውነትም የድመቷ አንድ ጆሮ ተልጧል። ልስቅ ነበር፣ ከንፈሬን ነከስኩ። ሽማግሌ ፊት አይሳቅም።

ኦቦ ሆርዶፋ ተናገሩ። ሲፋን ያኔ ነፍሰ ጡር እንደነበረች፣ ፖሊስ በየሌሊቱ ስደተኛ እያፈሰ ሳለ እዚያ ብትቀር ትሞታለች ብለህ እንደፈራህ፣ «ዘነቡ ጠንካራ ናት፣ ሙያ አላት፣ ትጠብቃለች» ብለህ እንዳሰብክ ነገሩኝ። ልጁ አሜሪካ በገባችሁ በወሩ መጨንገፉንም። ይህንን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ምክንያትህ ገባኝ ዲንሳ። ዳይሬክተሯ እንዳለችው ሰው ቆም ብሎ ቢያስብ የሚገባው ነገር ነው፤ እኔም ቆሜ አሰብኩና ገባኝ። ግን ጠንካራው ይጠብቅ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ጠንካራ መሆኔን ማን ጠየቀኝ?

እውነቱን ልንገርህ፣ ሳሩን ሳየው ልቤ ያኔውኑ ተቀብሎት ነበር። ያቺ ጆሮዋ የተላጠች ድመት ጨርሳኛለች። ግን የገላን ልጅ ነኝ፤ ሥርዓቱ ይህ ነው ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አሁን መልስ የለኝም» አልኩ። «ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ።»

ኦቦ ለሜሳ አፋቸውን ከፈቱ። ኦቦ ሆርዶፋ ክርናቸውን ያዟቸው።

«ከፋሲካ በፊት አይሆንም?» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ በቀስታ። «ወይ በሚቀጥለው ቅዳሜ።»

«አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ሰው ሦስት ወር ያቅተዋል?»

ሁለቱ ተያዩ። ሽማግሌዎች ሥራቸው ሲበዛባቸው የሚተያዩት መሰለኝ። ሳሯን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። በመስኮት ስመለከት ፓርኪንግ ላይ ቆሞ ሞተሩ የሚሠራ መኪና ነበር፤ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል። አንተ መሆንህን አውቄያለሁ። መጋረጃውን አልዘጋሁትም፣ እንድታየኝ ብዬ ነው የቆምኩት። ብርድ ልብሱን ግን ለምን እንደተከናነብክ አልጠየቅሁም፤ በሚኒሶታ ጥር ብርድ ልብስ ማንን ያስገርማል።

ሰኞ ዕለት ሥራ ገብቼ ተንበርክኬ የሱልጣኑን ካባ ጫፍ ስለካ ዳይሬክተሯ መጣች። ሱልጣኑን የሚጫወተው ሰው ከዳኮታ የመጣ ግዙፍ ነው፤ ካባው ብቻ አሥራ አራት ያርድ ጨርቅ በልቷል። ማስታወሻዋን ይዛ «መጨረሻውን እኛው መወሰን አለብን፣ ሁሉንም እየጠየቅሁ ነው። አንቺ ብትሆኚ ሱልጣኑ ምን ያድርግ?» አለችኝ።

«መጀመሪያ እምቢ ይበል» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«ተመልሰው ይምጡ። ያኔም እምቢ ይበል። በሦስተኛው ይማራቸው።»

«የወደፊቱን ምሕረት ልቡ ውስጥ ይዞ ነው እምቢ የሚለው?»

«አዎ። እነሱም ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃል።»

ሱልጣኑ ከላይ ሆኖ «ታዲያ በመካከል የሆነ ነገር ቢፈጠርስ?» አለ። የዳኮታ ሰው ነዋ፣ ሥርዓቱን አያውቅም። እኔም ጎንበስ ብዬ ስፒሌን ሰካሁና «ምን ይፈጠራል?» አልኩት።

ጎበዝ ነበርኩ ያን ቀን። ቤት ስገባ ሳሯን ውሃ አጠጣኋት።

አሁን የምነግርህ ለማንም ያልነገርኩትን ነው። በየካቲት አጋማሽ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሱልጣኑን ካባ ገበር እየሰፋሁ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አንዲት ሴት፣ የቢሮ ድምፅ፣ «ዘነቡ ገላንን ላነጋግር እችላለሁ?» አለች በእንግሊዝኛ።

በእኛ ሰው ዘንድ ዘነቡ ነኝ። በወረቀት፣ በሥራ፣ በእንግሊዝኛ ግን ባየሽ ነኝ። እዚህ አገር በእንግሊዝኛ ዘነቡ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ባለፈው መስከረም ለሲቲዝንሺፕ አመልክቼ አሻራ ሰጥቻለሁ። የኢሚግሬሽን ሰዎች እየደወሉ የድሮ ስም ያጣራሉ የሚል ወሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ነበር። እጄ መርፌው ላይ ደረቀ፣ አፌ ግን አልደረቀም። ለዚህ ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ተዘጋጅቷል።

«ዘነቡ የምትባል እዚህ የለችም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ? የዲንሳ ገላን እህት።»

«ዲንሳ የሚባል ሰው አላውቅም። ወንድም የለኝም።»

«ይቅርታ፣ ቁጥሩ ተሳስቶ ይሆናል» አለችና ዘጋች። ድምፄ አለመንቀጥቀጡን አስቤ ኮራሁ። ገበሩን ጨርሼ ሌላውን ጎን ጀመርኩ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ኦቦ ሆርዶፋ ደወሉ። «የት ነሽ ልጄ? ሆስፒታሉ ደውሎልሽ አልነበር?» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም። ስደርስ ከሞትክ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖሃል።

ጉበትህ ነው አሉኝ። ከመስከረም ጀምሮ ታውቀው እንደነበር፣ ሽማግሌዎቹን መጽሐፍ አስነክተህ ስለ በሽታህ እንዳይነግሩኝ እንዳስማልካቸው ኦቦ ሆርዶፋ ኮሪደሩ ላይ እያለቀሱ ነገሩኝ። «ለበሽተኛማ ማን እምቢ ይላል? እንደ ጤነኛ ሰው ታስበኝና ትፍረድብኝ» ብለሃቸዋል። ያን ቅዳሜ ወደ መኪናው ተመልሰው እምቢ አለች ሲሉህ ምን እንዳልክም ጠየቅኋቸው። መናገር አልፈለጉም። አስጨነቅኋቸው።

«ሳቀ» አሉ። «‹አባባን ሆናለች፤ በመጀመሪያው ቀን ብትምረኝ ኖሮ ንቃኛለች ማለት ነበር› አለን። ‹መስኮቱ ላይ ቆማ አየችኝ እኮ› አለ። ክሪስታል እስክንደርስ ስለ አባታችሁ ሲያወራ ነበር።»

ነርሷ መጣችና ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እጇ ላይ አንተ ስትገባ የሞላኸው ፎርም ነበር። በሚያስፈልግ ጊዜ የሚጠራ ሰው በሚለው ቦታ ላይ፣ በዚያ ወደ ግራ በሚያዘነብል ጽሕፈትህ፣ እህት ዘነቡ ገላን ብለህ የስልክ ቁጥሬን አስቀምጠሃል። አንድ ቁጥር አልተሳሳትክም። በሕይወትህ ከሞላኸው ፎርም ሁሉ ስሜን በቦታው ያስቀመጥክበት እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ የለችም አልኳቸው።

«መታወቂያ አለሽ?» አለችኝ። ያለኝ የባየሽ ነው። አሳየኋት። ፎርሙን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ እኔን አየች።

«ዘነቡ ነኝ» አልኳት። «ስትደውሉም ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። እህቱ ነኝ።»

መታወቂያውን መለሰችልኝ። በሩን ከፈተችልኝ። ስወጣ «ሁለት ጊዜ መጣች ወይ ብሎ ጠይቆናል፤ እየሞከርን ነው ብለነዋል» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው የነገረችኝ።

እጅህን ይዤ ያልኩህን አታውቀውም። አሁን ልድገመው። ምሬሃለሁ አልኩህ። ስለ ፎቶው፣ ስለ ሳንባዬ፣ ስለ አባባ ስም ምሬሃለሁ አልኩህ። ጮክ ብዬ ነው፣ ኦቦ ለሜሳ ሰምተዋል። እጅህ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ግን አንተ ካልሰማኸው ምን ያደርጋል? ምሕረት ሰሚ ይፈልጋል።

ከቀብርህ በኋላ አንድ ሳምንት ቀርቼ ሥራ ተመለስኩ። የሱልጣኑ ካባ ጫፍ አልተዘጋም ነበር። ከማሰሮዋ ላይ ጥቂት ዘለላ ሳር በመቀስ ቆርጬ ወሰድኩና ጫፉ ውስጥ አስገብቼ ሰፋሁት። አለቃዬም ሱልጣኑም አላወቁም። በመጋቢት ማሳያው የተከፈተ ቀን መርፌና ክር ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። መሃል ላይ ያ አገልጋይ ብቻውን የሚዘፍንበት ቦታ አለ፤ ትርጉሙን ልምምድ ላይ ነግረውኛል። ጌቶች መከራን ስላልቀመሱት ወንድማቸውን አያውቁም እያለ ይወቅሳቸዋል። ቆይ እስቲ፣ እኔስ? እኔ ቀምሼው አልነበር?

መጨረሻውን ዳይሬክተሯ ሳትወስን ቀርታለች። አራቱ ዘፈኑ፣ ሦስቱ ተንበርክከው ለመኑ፣ ሱልጣኑ እጁን አነሳ፤ ሊመታ ይሁን ሊምር ሳይታወቅ መብራቱ ጠፋ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ካባውን ከትከሻው ልቀበል ሄጄ ጨርቁን አቅፌ ቀረሁ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ምን እንደሆንኩ ሳያውቅ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ።

በሌላ ቀን ያ ወጣት አቀናባሪ ሥራውን ለምን ሳይጨርሰው እንደተወው ዳይሬክተሯን ጠየቅኋት። ሌላ ሥራ መጥቶለት ይሆናል፣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም አለችኝ። እኔ ግን የማውቅ ይመስለኛል። እመለስበታለሁ ብሎ ነው።

የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪዬ በነሐሴ ነው። ፎርሙ ላይ የተጠቀምሽባቸው ሌሎች ስሞች የሚል መስመር አለ፤ ባዶ አድርጌ ነበር ያስገባሁት። ዘነቡ ገላን፣ የዲንሳ ገላን እህት ብዬ አስተካክላለሁ። ጠበቃዋ «አንዴ ከተናገርሽው መመለሻ የለውም፣ ሊያባርሩሽም ይችላሉ፣ ደግመሽ አስቢበት» ብላኛለች። አስቤበታለሁ። አንተ ያን ቦታ በትክክል ከሞላኸው በኋላ እኔ ባዶ ልተወው አልችልም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ኦቦ ሆርዶፋን «ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አልኳቸው። ወደ ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ኮት ለብሰው መጡ። ያቺን ማሰሮ ጭኔ ላይ ይዤ መቃብርህ ድረስ ሄድን። ሳሯ አልሞተችም፤ ስቆርጣት ታድጋለች። ሚኒሶታ ደግሞ አሁን ግንቦት ስለሆነ መቃብሩ ዙሪያውን ለምልሟል፣ በየእግራችን ሥር ሳር ነው፣ እኔ ደግሞ የድመት ሥዕል ያለበት ማሰሮ ይዤ ቆሜያለሁ። ብታየኝ ሆድህን ይዘህ ነበር የምትስቀው።

ተንበረከክሁ። ኦቦ ሆርዶፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ሥርዓቱ በኦሮምኛ ተናገሩልህ። እህትህ ስትጠራት የለሁም ብላለች፣ ሁለት ጊዜ ጠይቀሃት አልደረሰችም፣ በድላሃለች፣ እርጥብ ሳር ይዛ ወድቃለች፣ ምን ትላለህ አሉህ። ከዚያ ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ። ከአጥሩ ማዶ መኪና ያልፋል። ብዙ ቆየን፤ ጉልበቴ ረጠበ።

በመጨረሻ ኦቦ ሆርዶፋ ባርኔጣቸውን አደረጉ። እያጽናኑኝ አልነበረም፤ ፊታቸው ልክ ያን ቅዳሜ በሬ ላይ የነበረው ፊት ነው።

«እምቢ ብሏል» አሉኝ። «የመጀመሪያው ቀን አይደል? ተነሺ፣ እንመለሳለን።»

ተነሳሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ዛሬ አልቅሼ አላውቅም፣ ደግሞም እንደ ዛሬ ቀሎኝ አያውቅም። ማሰሮዋን ይዣት ተመለስኩ፤ አሁን መስኮቱ ላይ ናት።

ልክ ነህ ዲንሳ፣ በመጀመሪያው ቀን አትማረኝ። ያደረግሁት ቀላል አይደለም። በመስከረም እመጣለሁ፣ ያኔም እምቢ በለኝ። ለሦስተኛው ግን በረዶው ገና ባይቀልጥ እንኳ ሦስት ስቶር ዞሬም ቢሆን ሳር ይዤ እደርሳለሁ፤ በፋሲካ ጠብቀኝ።

እህትህ
ዘነቡ ገላን